ጦሃራችን እስከ ጀሪካኑ ይድረስ

ምስጋና ውኃን ከደመና አውርዶ የሞተችውን ምድር ሕያው ለሚያደርገው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰባቸው፣ በሰሓቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ በጁምዓ ኹጥባ ላይ ብዙም የማይሰማ፣ ነገር ግን ከእያንዳንዳችን ደጃፍ የማይርቅ ነው። ይኸውም የምንጠጣው ውኃ ነው። እኛ ሙስሊሞች ስለ ውኃ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የፊቅህ ኪታቦቻችን ሲገለጡ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ጦሃራ፣ የጦሃራውም የመጀመሪያ ርእስ ስለ ውኃ ነው። ሕፃን ልጅ መድረሳ ገብቶ ገና አሊፍ፣ ባ ከማለቱ ውዱእ ይማራል። ታዲያ በቀን አምስት ጊዜ ፊቱንና እጁን የሚያጥብ ሕዝብ፣ ከቆሸሸ እጅና ከቆሸሸ ውኃ በሚመጣ በሽታ ልጆቹን የሚቀብር ከሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ጎድሏል ያልኩትም ዕውቀቱ ሳይሆን፣ ዕውቀቱን ከሰጋጃው አልፎ እስከ ጓዳ፣ እስከ ጀሪካኑ ድረስ ማድረሱ ነው።

የሁለት ከተሞች ነገር

እስቲ ነገሩን በወልቂጤና በቡታጅራ እንመልከተው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ የማይሞላ ርቀት ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ቡታጅራ ደግሞ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ሁለቱም የንግድ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም በፍጥነት አድገዋል። ወልቂጤ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ቡታጅራ ላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቧል። የውኃው መስመር ግን ከከተማው ዕድገት እኩል አልሮጠም።

ወልቂጤ ላይ ይህ ጥማት ደም እስከማፍሰስ ደርሷል። በየካቲት 2015 ዓ.ም ነዋሪዎች የውኃ እጦቱ መረረን ብለው አደባባይ በወጡ ጊዜ የሰው ሕይወት መጥፋቱን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በይፋ አሳውቋል። ውኃ ልጠይቅ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ሬሳው ወደ ቤቱ ሲመለስ ማየት ለማንም ወገን ከባድ ነው። አላህ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብር ይስጥልን።

የቡታጅራ ስም ደግሞ በሌላ ምክንያት በዓለም የጤና ምሁራን ዘንድ ይታወቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ሲያጠና ቆይቷል። ያ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካሳየው ነገር አንዱ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች መካከል ከሳምባ ምች ጋር ተቅማጥ መገኘቱን ነው። በየቤቱ «ዓይን በላው» እየተባለ የተቀበረው ሕፃን ስንቱ በውኃ ጥም፣ በተቅማጥ ድርቀት እንደሄደ አላህ ያውቃል።

የውኃ መጥፋትና የውኃ መበከል ወንድማማቾች ናቸው

ብዙዎቻችን ውኃ ሲጠፋ የሚታየን ጥማቱና ወረፋው ብቻ ነው። ነገር ግን የውኃ መቆራረጥ ራሱ በሽታ ያመጣል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቧንቧው ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ ውኃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቧንቧው ቢሰነጠቅ እንኳ የሚፈሰው ወደ ውጭ ነው። መስመሩ ለቀናት ሲደርቅ ግን ያ ግፊት ይጠፋል። ከቧንቧው አጠገብ የተኛው የቦይና የሽንት ቤት ፍሳሽ በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውኃው ተመልሶ የመጣ ዕለት በደስታ «ውኃ መጣ! ውኃ መጣ!» ብለን የምንቀዳው የመጀመሪያው ባልዲ ያን ሁሉ ጠርጎ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ውኃ የጠፋበት ሰው ያገኘውን ይቀዳል። ከቦኖ ያጣው ከጋሪ ይገዛል፤ ከጋሪ ያጣው ከወንዝና ካልተከለለ ምንጭ ይጨልፋል። ሦስተኛው፣ ውኃ ሲወደድ እጅ መታጠብ ይቀራል። ለወጥና ለሻይ ያልበቃ ውኃ ለሳሙና ይተርፋል ብሎ የሚጠብቅ የለም። አራተኛው፣ ያገኘነውን ለብዙ ቀን እናከማቻለን፤ የተከማቸ ውኃ ደግሞ በእጅ፣ በኩባያና በአቧራ ይበከላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የውኃ ጥራት ምርመራ አብዛኛው ቤተሰብ በሚጠጣው ውኃ ላይ የዓይነ ምድር ምልክት የሆነው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቷል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ከቤት ማስቀመጫ የተወሰደው ውኃ ከመቅጃው ላይ ከተወሰደው ይበልጥ የተበከለ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ጉድለቱ በሙሉ የመንግሥት፣ ጥፋቱም በሙሉ የቧንቧው ነው ብለን የምናመልጥበት በር የለም።

የኮሌራና የሐጅ ታሪክ

ከውኃ ወለድ በሽታዎች ሁሉ ፈጥኖ የሚገድለው ኮሌራ ነው። ጀርሙ ከታማሚው ሰገራ በውኃና በምግብ አድርጎ ወደ ጤነኛው አፍ ይገባል። ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። የሩዝ አጣቢ የመሰለ ተቅማጥና ትውከት ሰውን በሰዓታት ውስጥ አድርቆ ሊገድለው ይችላል። በጀርሙ ከተያዙት ብዙዎቹ ምንም ሳያማቸው ለቀናት ጀርሙን ከሰገራቸው ጋር ያስወጣሉ፤ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ማለት የማያስተማምነውም ለዚህ ነው።

ይህ በሽታ ከእኛ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወቅት መካ ላይ በተነሳ የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሑጃጅ እንዳለቁ ይገመታል። የተረፉት ወደየአገራቸው ሲመለሱ በሽታው አብሯቸው ተጓዘ፤ የዓለም መንግሥታትም በዓመቱ በኢስታንቡል ተሰብስበው ስለዚሁ መከሩ። ዛሬ ዓለምን እያዳረሰ ያለው የኮሌራ ዓይነት «ኤል ቶር» ይባላል። ስሙን ያገኘው በሲና በረሃ ከሚገኝ ሑጃጅ ለምርመራ ከሚቆዩበት ጣቢያ ሲሆን፣ ጀርሙ እ.ኤ.አ. በ1905 የተለየውም ከሐጅ ሲመለሱ በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በሚሰበሰብበት በሐጅ ላይ ውኃው እየተጣራ፣ ቆሻሻው እየተወገደ፣ ጤና እየተጠበቀ ዒባዳው እንዲፈጸም ማድረግ ተችሏል። ይህ የሚያስተምረን ሕዝብ በመሰብሰቡ ብቻ በሽታ እንደማይመጣ፣ ጥንቃቄ ሲጎድል ግን መሰብሰቢያው መቅሰፍት እንደሚሆን ነው።

ኮሌራ ወደ አገራችን በአዲስ መልክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዓመታት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ ባጭሩ «አተት» እየተባለ ሲመላለስ ኖሯል። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ከባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሳው ኮሌራ ደግሞ ብዙ ክልሎችን አዳርሶ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን አሳምሟል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩትንም ገድሏል። ከባሌ ጫፍ የተነሳ በሽታ በአውቶቡስ ተሳፍሮ የትም ይደርሳልና፣ ወልቂጤና ቡታጅራም «ከእኛ ሩቅ ነው» የሚሉበት ምክንያት የላቸውም።

ፊቅሁ ምን ይለናል?

አንዳንድ ወንድሞች «ውኃው ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ካልተለወጠ ጦሂር ነው፤ ምን አስጨነቃችሁ?» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ አባባል ግማሹን ይዞ ግማሹን የጣለ ነው። በአገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ቁላ የሞላ ውኃ ነጃሳ ቢገባበት፣ ከሦስቱ ጠባዮቹ አንዱ እስካልተለወጠ ድረስ አይነጅስም። ከሁለት ቁላ ያነሰው ግን ባይለወጥም እንኳ ነጃሳ ሲነካው ይነጅሳል። ሁለት ቁላ ማለት በዛሬው ልክ 200 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ በየቤታችን ያለው ጀሪካን 20 ሊትር መሆኑን ልብ በሉ! የሁለት ቁላ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ሽንት ቤት ገብቶ እጁን በወጉ ያልታጠበ ልጅ እጁን ከነቆሻሻው ከነከረበት፣ ያ ውኃ በኪታቡም ሚዛን አልቆለታል።

እርግጥ ነው፣ ዓይን ሊያየው የማይችለውን ጥቂት ነጃሳ ፉቀሃዎች ዑዝር አድርገውለታል፤ አለዚያ ዒባዳው ባስጨነቀን ነበር። ነገር ግን ለውዱእ ዑዝር የተደረገልን ነገር ለመጠጥም ፈቃድ ነው ማለት አይደለም። መርዝ ጠብ ያለበት ውኃ ነጃሳ ባይባልም መጠጣቱ ሐራም ነው። ለምን ቢባል ይጎዳልና ነው። ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም እንደሌለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩትን ዑለማዎች የሸሪዓ ታላቅ መርሕ አድርገውታል። የኮሌራ ጀርም ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ አይጎመዝዝም። ስለዚህ ለሰላታችን ሦስቱን ጠባዮች ስንመረምር፣ ለሕይወታችን ደግሞ አራተኛ ጥያቄ መጨመር ግድ ይለናል፤ «ይህ ውኃ ታክሟል ወይ?» የሚል።

ሱናው በዚህ ረገድ ምን ያህል እንደቀደመን ተመልከቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውኃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረዋል። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሳያጥብ ወደ ዕቃ እንዳይነክር አዘዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ዕቃዎችን እንድንከድን፣ የውኃ አቁማዳዎችን አፍ እንድናስር ከማዘዛቸውም በላይ፣ ባልተከደነ ዕቃ ላይ በሽታ የሚወርድባት ሌሊት በዓመቱ ውስጥ እንዳለች ነግረውናል። የአማኞች እናት መይሙና (ረ.ዐ.) ስለ ትጥበታቸው ባስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ፣ የተጸዳዱበትን እጃቸውን መሬት ላይ አሽተው ያጥቡት እንደነበር እናገኛለን። በዚያ ዘመን እጅን የሚያጸዳው አፈሩ ነበር፤ ዛሬ ሳሙና አለ። ኢስቲንጃ በውኃ አድርጎ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ የሚወጣ ሰው የሱናውን ግማሽ ይዞ ግማሹን ሽንት ቤት ጥሎት ወጥቷል።

«ቀደር ነው» ለሚሉ

ሌላው መሰናክል ቀደርን ያለ ቦታው ማስገባት ነው። በሆድ ሕመም የሞተ ሰው ሸሂድ እንደሆነ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህ ሐዲስ ሐዘንተኛን ማጽናኛ እንጂ የቸልተኛ መደበቂያ አይደለም። ሰምጦ የሞተም ሸሂድ ነው፤ ይሁን እንጂ ልጁን ወንዝ ውስጥ የሚጥል አባት የለም። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰሓቦችን አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደዚያው ወደ አላህ ቀደር መሆኑን መለሱላቸው። በሽታው ቀደር ከሆነ ክሎሪኑም፣ ሳሙናውም፣ የፈላው ውኃም ቀደር ነው። ግመላችንን አስረን እንድንመካ ነው የታዘዝነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በቤት ደረጃ ያለው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ ጀሪካኑ ከመቀዳቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ክዳን ይኑረው። ሁለተኛ፣ ውኃው እስኪንተከተክ ይፈላና በዚያው ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ ወይም እንደ «ውሃ አጋር» ያለ የውኃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርበትና 30 ደቂቃ ይቆይ። ደፍራሽ ውኃ ላይ መድኃኒቱ ስለሚደክም፣ አስቀድሞ ይዝቀጥ፤ በንጹሕና በተደራረበ ጨርቅም ይጠለል። ሦስተኛ፣ ውኃ ከማስቀመጫው ይንቆርቆር እንጂ ኩባያ አይነከርበት። አራተኛ፣ ለቀናት ጠፍቶ የመጣ የቧንቧ ውኃ የመጀመሪያው ለወለልና ለሽንት ቤት ይሁን፤ ቀጥሎ ያለውም ሳይታከም አይጠጣ። አምስተኛ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ይከደን፤ በየጊዜውም ይታጠብ።

ተቅማጥ የያዘውን ሰው ደግሞ «ውኃ ይብስበታል» ብሎ መከልከል መግደል ነው። ወዲያው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ.፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጠው። ከጠፋም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው በጥብጦ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ኮሌራ ሕክምና ካላገኘ ከጽኑ ሕሙማኑ እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ የታከመ ግን ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞትበትም። በኮሌራ የሞተውንም ሰው ስናጥብ የጤና ባለሙያውን ምክር እንከተል፤ ማጠቡ ጉዳት የሚያመጣ ሆኖ ሲገኝ ፊቅሁ ተየሙምን አዘጋጅቶልናል።

መስጂዶቻችንስ? በአንድ መስጂድ በር ላይ ለሰደቃ የተቀመጠ የውኃ በርሜል አይቻለሁ። ክዳን አልነበረውም። በሲባጎ የታሰረች አንዲት ኩባያ ነበረችው፤ ከመድረሳ የወጡ ሕፃናት በየተራ እስከ ክንዳቸው እየነከሩ ይጠጡባት ነበር። ያስቀመጠው ሰው አጅር ፈልጎ ነው፤ አላህ ይቀበለው። ነገር ግን ያችው በርሜል ክዳንና ቧንቧ ቢበጅላት፣ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቢጨመርባት ሰደቃው ሙሉ በሆነ ነበር። የመስጂድ ጉድጓድ ውኃም ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁ ይታይ። ኢማሞቻችን ከክረምት መግቢያ በፊት አንዲት ጁምዓ ለዚህ ጉዳይ ኹጥባ ቢያደርጉ ከብዙ ፖስተር ይልቅ ይሰማሉ።

በተለይ ስለ አረፋ! ከመርካቶና ከየክፍለ ሀገሩ ሁሉም ወደ አገሩ ሲገባ፣ አንድ ሰው የነበረበት ቤት አሥርና አሥራ አምስት ሰው ያድርበታል። አረፋ በ2016 ዓ.ም ሰኔ 9፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ግንቦት 29 ቀን ነበር የዋለው። ጎርፍ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ምንጭ የሚወርድበት ወቅት ከደጅ ሲቆም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ለእናቱ ጋቢ፣ ለቤቱ ስኳርና ቡና ይዞ የሚገባ ልጅ፣ ከዕቃው መካከል ጥቂት ጠርሙስ የውኃ መድኃኒትና ሳሙና ቢጨምር ምን ይከብደዋል? ለእናቱ ከዚያ የሚበልጥ ምን ስጦታ አለ?

የውኃ አገልግሎት ኃላፊዎችንም ሳልናገር አላልፍም። እያንዳንዳችን እረኛ እንደሆንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ ተነግሮናል። ሕዝብ ውኃ መቼ እንደሚመጣ የማወቅ መብት አለው። ወደ ቧንቧው የገባው ክሎሪን የመጨረሻው ቤት ሲደርስ መኖር አለመኖሩ መለካት አለበት፤ ውጤቱም ለሕዝብ መገለጥ አለበት። በሽታ ሲገባም ስሙን መሸፋፈን ሕዝብን ማዘናጋት ነው። ሐኪም ስሙን የደበቀው በሽታ ቀብር ላይ ይገለጣል።

በመጨረሻም ለባለሀብቶቻችን አንድ ቃል አለኝ። ዑስማን (ረ.ዐ.) ሰዎች በገንዘብ ይጠጡበት የነበረውን የሩማ ጉድጓድ በመዲና ገዝተው ለሁሉ ለቀቁት። የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለሑጃጅ ያስጠረበችው የውኃ ቦይ ለዘመናት መካን ሲያጠጣ ኖሯል። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ.) ለሞተች እናታቸው የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ሲጠይቁ የተነገራቸው ውኃ ነበር። የእኛስ አባቶች? በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከኪሱ አዋጥቶ፣ ተራራ እየቆረጡ መንገድ አወጡ። መንገድ ያወጣ ሕዝብ ምንጭ ማጎልበትና የቦኖ ኮሚቴ ማቆም አያቅተውም። መስጂድ ስናሠራ ከሚናራው ከፍታ አንድ ሜትር ቀንሰን፣ ለውኃ ማጣሪያና ለተከደነ ታንከር ብናውለው አጅሩ የሚቀንስ አይመስለኝም። ከዚያ ቧንቧም ሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን ክርስቲያን ጎረቤቱም ይቅዳ፤ የጎረቤት ሐቅ ነውና። ጀርሙም ቢሆን ሲገባ ሃይማኖት አይጠይቅም።

አላህ (ሱ.ወ.) አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰውን ሁሉ እንዳዳነ በሱረቱል ማኢዳህ ነግሮናል። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን ግድ አይልም። የታጠበ ጀሪካን፣ የተከደነ እንስራ፣ በሳሙና የታጠበ እጅ ይበቃል። አላህ ውኃችንን ንጹሕ፣ ልጆቻችንን ጤነኛ፣ ከተሞቻችንን ሰላም ያድርግልን። በዚህ በሽታ ላለፉት ይዘንላቸው፤ ለታመሙት ሺፋ ይስጣቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።